ዝም ያለውን አስቀድም

ወጌሻው ዌይ ቴንግሻን በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ሁለት ነገር አይፈሩም ይባል ነበር፤ የተሰበረ አጥንትና የመንደር ሐሜት። በሰባተኛው ወር በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ግን ሦስት ቀያይ ካርፕ ዓሦች የያዘ ባልዲ አንጠልጥለው «ጥቁር ዓይን» ወደሚባለው ዋሻ ሲወጡ፣ ከዋሻው አፍ ጎን ካለ ጠባብ ስንጥቅ አንድ ጭቃ የለበሰ፣ ግንባሩ ላይ መብራት የሚያበራ ፍጡር በደረቱ እየተሳበ ብቅ ሲል አዩ። ባልዲውን ሳይለቁ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። የሙታን በዓል ሊደርስ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር፣ ሙታኑ ዘንድሮ ቸኩለው የመጡ መስሏቸው ነበር።

«ሰው ነህ ወይስ ሌላ?» አሉ።

«ሰው ነኝ አያቴ፤ አስደነገጥኩዎት መሰለኝ፣ ይቅርታ!» አለ የሴት ድምፅ። ልጅቷ የራስ ቁሯን አውልቃ ፊቷን በእጅጌዋ ብትጠርገው ጭቃው ይብሱን ተለቀለቀ።

«እኔ? እኔ የምደነግጥ መስሎሻል? ቁጭ ያልኩት ደክሞኝ ነው። የማን ልጅ ነሽ?»

«ከተራራው ማዶ፣ የላን ቤት ልጅ ነኝ። ሱዩን እባላለሁ።»

«ላን አናጺው? ክንዱ የተሰበረው?»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት የጠገኑት። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው የሚያመው።»

«እሱ የኔ ጥፋት እንዳይመስልሽ! አርባ ቀን አትነቃነቅ ብዬው በሃያኛው ቀን መጋዝ አነሣ። ግትር ሰው ነው። አንቺም ወደሱ የሄድሽ ትመስያለሽ።»

በእኛ ሸለቆ የአንድ ሰው አባት ከታወቀ የጠቡ ግማሽ ያልቃል፤ ሌላው ግማሽ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው ባልዲውን ጥላ ሥር አስቀመጡና ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ገረመሟት።

«ናኒንግ ከተማ ድረስ ሄዳ ተማረች ሲባል ሰምቻለሁ። ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ ጉድጓድ ለጉድጓድ መሳብ ሆነ?»

«የውሃ ሩዝ እየቆጠርኩ ነው፣ አያቴ።»

የውሃ ሩዝ የሚሏት በዚህ ዋሻ ውሃ ውስጥ የምትኖረውን ነጭ ሽሪምፕ ነው። መጠኗ ከአንዲት ፍሬ ሩዝ አይበልጥም። ዓይን የላትም፤ ጨለማ ውስጥ ለሚኖር ዓይን ምን ይሠራለታል! ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቋታል፤ ወጣቶቹ ግን ስሟን ሲሰሙ የሚበላ ነገር ይመስላቸዋል።

«ስንት ቆጠርሽ?»

«በዘጠኝ ቀን አራት።»

«አራት!» ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሆድሽ ተስበሽ አራት ፍሬ ሩዝ! በዚህ አያያዝሽማ ባል ስታገቢ አማቶችሽ በረሃብ ያልቃሉ።»

ሱዩንም አብራ ሳቀች። በጨዋ ቤት ያደገች ስለሆነች ሽማግሌ ስቆ እስኪጨርስ መጠበቅን ታውቃለች። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳች። ወረዳው በዚህ አካባቢ ያሉትን ዘጠኝ ዋሻዎች እንድታጠና ልኳታል። ዘንድሮ አጥርና ጠባቂ ሊደረግለት፣ ውሃውም ከቆሻሻ ሊጠበቅለት የሚችለው አንድ ዋሻ ብቻ ነው። የትኛው ይሁን የሚለውን ከነገ ወዲያ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቃሉን ይሰጣል።

«እሱማ ያለቀ ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው። «የዘንዶ ጉሮሮ ነው። አለቃ ኖንግ ሁሉንም ሰው ቤቱ እየዞረ አስማምቷል፤ እኔንም ጭምር።»

«የኔ ወረቀት ግን ጥቁር ዓይንን ነው የሚለው።»

«ይሄንን?» ሽማግሌው ዘወር ብለው ቀዳዳውን አዩት፤ ከዚያ በላዩ ያለውን የአሳማ በረት አዩ፤ አፍንጫቸውንም ያዙ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ? የዘንዶ ጉሮሮን ገብተሽ አይተሽዋል? ድንጋዩ ተንጠልጥሎ መጋረጃ ሠርቷል፤ ውስጡ መቶ ሰው ያስጨፍራል። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። እዚህ ማን ይመጣል? ከኖንግ አሳማዎች በቀር ማንም።»

«ማማሩንማ ያምራል። እዚያ ውሃ ውስጥ አምስት ዓይነት ፍጥረት አግኝቻለሁ።»

«ታዲያ! አምስት ይበልጣል ወይስ አንድ? ይሄን ለመቁጠር ናኒንግ መሄድ አያሻም።»

ሱዩን መልስ ከመስጠት ይልቅ ድንገት ወሬውን አዞረች። «አያቴ፣ አባቴ ሁሌ የሚያወራው ነገር አለ። ያኔ የገበያ መኪናው ጠመዝማዛው ላይ የተገለበጠ ጊዜ እርስዎ ብቻዎን ነበሩ ይላል። እውነት ነው?»

ወጌሻን ስለ ድሮ ስብራት መጠየቅ የተራበን ሰው ማዕድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ዌይ ቴንግሻን ወገባቸውን አቀኑ።

«ብቻዬን! ዐሥራ ሦስት ቁስለኛ፣ አንድ ወጌሻ። አንዱ፣ ያ ጥርሰ ትልቁ ቀርከሃ ነጋዴ፣ እግሩ ተሰብሮ ተራራው እስኪነቃነቅ ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ ወደሱ ና እያለ ይጎትተኛል። እኔ ግን ዛፍ ሥር ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት አየሁ። አትጮህም፣ አትጠራኝም። ከንፈሯ ነጭቷል። ሮጬ ጭኗን ብነካው ደሟ ከውስጥ እየፈሰሰ ነው። እሷን አስቀድሜ አሰርኳት፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ነጋዴው እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይሰድበኛል። ይስደበኝ! የሚሳደበው በሕይወት ስላለ ነው። የሚጮህ ሰው ትንፋሽ አለው፣ ይቆይልሻል። ዝም ያለውን አስቀድም፤ አባቴ ያስተማረኝ ይሄን ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አንድ ሰው ነበር። ገና እንዳየሁት እጄ የማይደርስለት መሆኑን አወቅሁ። ዓይን ዓይኔን እያየኝ አልፌው ሄድኩ። እሱን ለሰው አላወራም፤ ዛሬ ለምን እንደነገርኩሽም አላውቅም።»

«እኔም ያለፍኩት አለ» አለች ሱዩን ቀስ ብላ። «ከድንጋይ መፍጫው ሥር ያለው ዋሻ። ውሃው ደርቋል። ጭቃው ላይ ባዶ ቅርፊታቸውን ነው ያገኘሁት። ተቀምጬ አለቀስኩና መዝገቤ ላይ መስመር አስምሬበት ወጣሁ። ሙት ላይ ሰዓቴን ባጠፋ የሚተርፈውም ያመልጠኛል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ልጅቷን አሁን በሌላ ዓይን አዩአት።

«አያቴ፣ እኔ ወጌሻ አይደለሁም። ግን ሥራችን አንድ ነው። ቁስለኛዬ ዘጠኝ፣ እጄ አንድ። ስለዚህ እርስዎ የጠየቁትን ነው የጠየቅሁት። መጀመሪያ፣ ይሄ ፍጡር ሌላ ቤት አለው ወይ? የዘንዶ ጉሮሮ አምስቱም ሌሎቹ ዋሻዎች ውስጥ ዘመድ አላቸው፤ እዚያ ቢጠፉ ከጎረቤት ዘር ይገኛል። የውሃ ሩዝ ግን ከጥቁር ዓይን በቀር የትም የለችም። ተራራውን ሁሉ ፈትሻለሁ። እዚህ ካለቀች ከምድር ላይ አለቀች ማለት ነው። ቀጥሎ፣ ለሞት ምን ያህል ቀርባለች? ይኸው አራት። መጨረሻ የጠየቅሁት፣ የሚያማትን ነገር እኛ ልናቆመው እንችላለን ወይ? የዚህኛው መልስ ደስ ይላል፤ እንችላለን። የሚገድሏት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም በመንደሩ እጅ ያሉ ናቸው።»

«አንዱን አውቀዋለሁ፤ ይሸተኛል» አሉ ሽማግሌው ወደ በረቱ እያዩ። «ዝናብ ሲጥል የአሳማው ፋንድያ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ሁለተኛውስ?»

የሱዩን ዓይን ባልዲው ላይ ነበር። ፀሐይዋ ጥላውን በልታው ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፈት ከደን እያደረጉ ነው። ተነሥታ በራስ ቁሯ ከዋሻው ምንጭ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ጨመረችላቸውና፣ ጀርባዋን እንደሰጠች «እነዚህ ናቸው» አለች።

«ምኖቹ?»

«ካርፖቹ፣ አያቴ። ይሄ ዋሻ የራሱ ዓሣ ኖሮት አያውቅም። የውሃ ሩዝ ደግሞ ከዓሣ መሸሽ አልተማረችም፤ ሲመጣባትም አታይም።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ዳሜይ ስትታመም እነዚያ ስንቱን አጥንት የጠገኑ እጆች ምንም አልጠቀሟትም። የመቅደሱ አገልጋይ «ሊታረድ ያለን ነፍስ ገዝተህ በንጹሕ ውሃ ልቀቅላት» ብሎ መከራቸው፤ ተሳሉ። ዳሜይ ሞተች፤ እሳቸው ግን ስለቱን አላፈረሱም። በየዓመቱ ከሙታን በዓል በፊት ገበያ ወርደው፣ ቢላዋ ሥር ከተጋደሙት ዓሦች ሦስቱን ገዝተው፣ ዳሜይ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ በቀዳችበት በጥቁር ዓይን ኩሬ ይለቁላታል። ለእሷ ማድረግ የቀራቸው ይኸው ብቻ ነበር።

«ስሚ!» አሉ ተነሥተው። «የአሳማውን ተናገርሽ፣ ሰማሁሽ። የዘንዶ ጉሮሮን ናቅሽ፣ ሰማሁሽ። በሚስቴ ነፍስ ግን አትግቢ! ነፍስ ማዳን ኃጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ደግሞስ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ተቆጡኝ፣ ይገባዎታል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ስለቱ በዓሉ ሳያልፍ እስከተፈጸመ ድረስ ዛሬም ነገም አንድ ነው። ነገ ጠዋት አብረውኝ ይግቡና በእጅዎ ይዩት። ወጌሻ ሳይነካ አይፈርድም ይላል አባቴ።»

«አባትሽ አርባ ቀን አትነቃነቅ ያልኩትን ቢሰማ ይሻለው ነበር!» ብለው ባልዲውን አንሥተው ወረዱ። ግን ልብ በሉ፤ ዓሦቹን አልለቀቁም። ቁጣቸው ወደ ቤታቸው ሲመልሳቸው፣ ፍርድ የለመደ እጃቸው ባልዲውን ይዞት ተመለሰ።

ቤታቸው ሲደርሱ ዓሦቹን ትልቁ ጋን ውስጥ ጨመሩና ለበዓሉ የሚታረደውን ዳክዬ ሊመግቡ ወጡ፤ ዳክዬውን ረስተው ተመለሱ። ከዳሜይ ፎቶ አጠገብ ግድግዳው ላይ የውሃ መቅጃዋ ቅል ተሰቅላለች። እሷ በሞተች ማግስት ዓመት ውሃው በቧንቧ ከጥቁር ዓይን ተስቦ መንደር ስለገባ፣ ከዚያ ወዲህ በቅል የቀዳ ሰው የለም። አወረዷትና አቧራዋን ጠረጉ።

ያኔ ትዝ አላቸው። ዳሜይ ጠዋት ጠዋት ቅሏን ኩሬው ውስጥ ትነክርና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቅል መልሳ ታፈሰዋለች። «መጀመሪያ ለባለቤቶቹ» ትል ነበር፣ ነጫጮቹን ማለቷ ነው። እናቷም አያቷም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እሳቸው ደግሞ ወደ ኩሬው በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆመው «ባለቤቶቹን አስተናግደሽ ስትጨርሺ ባልሽንም አስታውሺ፣ ገንፎው አረረ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ቅሏን በእጃቸው እንደያዙ ብዙ ተቀመጡ።

ሰው ሲሳሳት ብዙ ጊዜ በክፋቱ አይደለም። በእኛ መንደር በጎ ያሰበ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠይቅም፤ ዓሣ ለቀቅሁ፣ ጽድቅ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል። የለቀቀውን ነገር ማን እንደተቀበለው፣ የማን ቤት እንደገባ ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ሽማግሌው ዌይ ግን በማግስቱ ጠዋት ቅሏን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ።

ሱዩን ዋሻው አፍ ላይ ስትጠብቃቸው አገኟት። «ልታዘብሽ ነው የመጣሁት» አሉ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«እሺ አያቴ። ደረጃው ያንሸራትታል፣ ክንዴን ይያዙ።»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው እዚህ ደረጃ ላይ የወጣሁ የወረድኩት» አሉና ክንዷን ያዙ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። መብራቱ ኩሬው ላይ ሲያርፍ ቀያዮቹ ዓሦች ከየጥጉ ተግተልትለው መጡ፤ አንዳንዶቹ ክንድ ያህላሉ። የሽማግሌው ፊት በራ።

«አየሽልኝ? አየሽ ውፍረታቸውን? ሣር የለ፣ መጋቢ የለ፣ ፀሐይ የለ! በየዓመቱ መጥቼ ባየሁ ቁጥር እንዲህ ወፍረው አገኛቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን በረሃብ ያልቁ ነበር። ዳሜይ ናት የምታበላቸው እላለሁ እኔ። ሰማይ ስለቴን ለመቀበሉ ከዚህ ሌላ ምን ምልክት…»

አልጨረሱትም። ሱዩን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መናገር ትችል ነበር፤ ወረቀቱ ሁሉ በጭንቅላቷ ነው። ግን አንዳንድ ነገር ሰው ራሱ ሲደርስበት እንጂ ሲነገረው አይገባም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቅሏን ነከሩ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩ። ባዶ። ደግመው ነከሩ፣ ባዶ። ዐሥር ጊዜ ነከሩ። ሱዩን ያኔ ከኩሬው ማዶ ከድንጋይ ግድግዳ ኋላ ያለች፣ ከእንጀራ ገበታ የማትበልጥ ጉርጓድ አሳየቻቸው። ውሃው አንድ ነው፣ በስንጥቅ ይገናኛል፤ ስንጥቁ ግን ጣት አያስገባም፣ ዓሣም አያስገባም። ተንበርክከው ቅሏን አጠለቁ።

በቅሏ ግርጌ አንዲት ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰች። ከሰውነቷ የሚረዝም ቀጭን ጢሟን እያንቀሳቀሰች የቅሉን ግድግዳ ቀስ ብላ ዳሰሰች። ዓይን የላትም፤ በመዳሰስ ነው የምትኖረው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመዳሰስ እንጀራ የበሉት ወጌሻ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩአት።

«እነዚያ ምን ሲበሉ ነው የወፈሩት?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

«አያቴ…»

«ተይ፣ አትመልሺልኝ። አውቄዋለሁ።» ነጯን መልሰው ወደ ጉርጓዷ አፈሰሷትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። «በሷ ስም እኮ ነው! በየቀኑ የመጀመሪያውን ቅል የምትመልስላቸውን፣ እኔ በስሟ አስበላኋቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት!»

«ያወቁት ነገር አልነበረም። በፍቅር ያደረጉት ነው።»

«አታባብይኝ። በፍቅር የታሰረ ስብራትም ጠሞ ይገጥማል፤ አይቻለሁ። ጠሞ የገጠመ አጥንት ደግሞ አንድ መድኃኒት ነው ያለው። እንደገና ይሰበርና እንደገና ይታሰራል። ያማል፤ ግን ይቃናል።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እስቲ ንገሪኝ፣ እነሱን ባወጣቸው ስለቴ አይፈርስም?»

«ስለትዎ ምን ነበር? ዓሣ ኩሬ ውስጥ መጨመር ነው ወይስ ነፍስ ማዳን?»

«ነፍስ ማዳን።»

«ወንዙ ታች ነው፤ የካርፕ አገሩ እዚያ ነው። ዓሦቹን ወንዝ ቢወስዷቸው እነሱም አገራቸው ይገባሉ፤ እዚህ ያሉትም ይተርፋሉ። ስለቱ ይበዛል እንጂ ምን ይጎድላል?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «አባትሽ እንዳንቺ ሰሚ ቢሆን ኖሮ ክንዱ አይጣመምም ነበር» አሉ። ይህ በእሳቸው ቤት ትልቅ ምስጋና ነው።

በማግስቱ ስብሰባው ከትልቁ ካምፎር ዛፍ ሥር ሆነ። የመንደሩ አለቃ ኖንግ የዘንዶ ጉሮሮ ቢታጠር ምን ያህል እንግዳ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ምግብ ቤት እንደሚከፈት አብራርቶ ሲጨርስ ሰው አጨበጨበ። ሱዩን ተራዋ ደርሶ በትሕትና ተናገረች፤ ለእሷ ያጨበጨበ የለም። ያኔ ዌይ ቴንግሻን ተነሡ።

«እኔ ቃሌን ለኖንግ ሰጥቼ ነበር» አሉ። «ዛሬ መልሼ እወስደዋለሁ። ጥቁር ዓይን ይቅደም።»

ሕዝቡ ጉድ አለ። ኖንግ «አያ ዌይ፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ? ለአራት ፍሬ ሩዝ ዘንዶን ሊሸጡ ነው?» ብሎ አሳቀባቸው።

«ዘንዶው የትም አይሄድም፤ ትንፋሽ አለው። ፍጥረቱም ዘመድ አለው። ዘንድሮ ቢዘለል ለከርሞ ተራው ይደርሳል። የውሃ ሩዝ ግን ከርሞ የላትም። እናንተ ከገበያው መኪና ላይ ሆናችሁ እግሬን እግሬን ስትሉ የነበራችሁ ሰዎች፣ ዝም ያለችውን አስቀድሜ ስይዝ ተሳስቼ ነበር? እስቲ ተናገሩ!»

ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ ያቺው ጭኗ የታሰረላት፣ «አልተሳሳቱም!» አለች ጮክ ብላ።

ኖንግ ግን አልተረታም። «እሺ፣ አሳማዎቼስ? በረቴን ለጉንዳን የምታክል ነገር ብዬ ላፍርስ? ትንሿ ነገር ምን ትጠቅመናለች?»

«ጠቃሚ ብቻ ይኑር ካልክማ እኔን በሰባ ስድስት ዓመቴ ምን ልታደርገኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ሰው ሳቀ። «ጥቅም ከፈለግህ ግን ልንገርህ። ያ ውሃ የት ነው የሚሄደው? በቧንቧ ወደ ጓዳህ ነው። አምና ዝናቡ የጠና ጊዜ መንደሩ ሁሉ ሆዱን ሲቆርጠው የት ነበርክ? እኔ ልንገርህ፣ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ነበርክ፤ ከፊቴ ነበርክ፤ ቶሎ አትወጣም ነበር!»

አሁን ኖንግም ሳይወድ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«አያቶቻችን የመጀመሪያውን ቅል የሚመልሱት ሞኝ ሆነው ነው? ነጫጮቹ ካሉ ውሃው ይጠጣል ማለት ነበር። ዛሬ ነጫጮቹ ሲያልቁ የነገረን የለም፤ ቧንቧ ስንከፍት ቅሉን ሰቀልነው። በረትህን ብቻህን አታፈርስም፤ ሁላችንም ወጥተን ታች ባለው ሜዳ እንሠራልሃለን። እኔ አጥር አስራለሁ፤ ማሰር እችልበታለሁ። ደግሞ ጥፋቱን ባንተ ብቻ አልጥልም። ካርፖቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ነገ በእጄ አወጣቸዋለሁ።»

ከመንደሩ ሰው ስለ ዳሜይ ስለት የማያውቅ አልነበረም። ኖንግ ተነሥቶ ሁለት እጁን አጋጥሞ እጅ ነሣቸውና «እርስዎ ይሄን ከቻሉ እኔ ለአሳማ ምን እላለሁ!» አለ። ጣቱንም ቀለም ነክሮ በጥቁር ዓይን ወረቀት ላይ መጀመሪያ ያተመው እሱ ሆነ።

በበዓሉ ዕለት ሃያ ሦስት ካርፖች በመረብ ተይዘው በባልዲ ወንዝ ወረዱ፤ ብልጦቹን ለማጥመድ ሌላ ወር አስፈለገ። በጋኑ የቆዩትን ሦስቱን ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ወንዙ ውስጥ ለቀቁ። ዓሦቹ አንድ ጊዜ ዞሩና ወደ ጥልቁ ሄዱ፤ ሽማግሌውም የዳሜይን ስም ጠርተው ተመለሱ።

የዚህ ምክር ፍሬ ወዲያው አልታየም፤ ጥሩ ምክር ሁሉ እንዲህ ነው። በረቱ ሲነሣ መጀመሪያ የጠፋው ሽታው ነበር። በተከታዩ ዝናብ ሆዱን ያመመው ሰው ሲቆጠር ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ታች ያለው ሜዳ በፋንድያው ለምቶ የኖንግን በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ አደረሰው፤ ዛሬ በረቱን ማዛወር የሱ ሐሳብ እንደነበር ያወራል፤ እኛም አናርመውም። በሁለተኛው ዓመት የዘንዶ ጉሮሮ ተራው ደረሰ፤ ድንጋዩም ፍጥረቱም እንደነበረ ቆይቶ ነበር። ሱዩን በየወሩ እየመጣች ትቆጥራለች። ከትንሿ ጉርጓድ የተረፉት በስንጥቁ እየሾለኩ ወደ ትልቁ ኩሬ ተመልሰው፣ በመዝገቧ ላይ አራት የነበረው አርባ ሰባት ሆኗል። ያ የድንጋይ መፍጫ ሥር ያለው ዋሻ ግን አሁንም መስመር እንደተሰመረበት ነው። ሁሉን ማዳን እንደማይቻል የሚያውቅ ሰው ነው የሚድነውን ለይቶ የሚያድነው።

በሁለተኛው ዓመት በሰባተኛው ወር በዐሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ዌይ ያለ ባልዲ፣ ቅሏን ብቻ ይዘው ወደ ዋሻው ኩሬ ወረዱ። ክንዳቸውን የያዘቻቸው ሱዩን ነበረች። ከትልቁ ኩሬ ቀድተው ቅሏን ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉ። ሁለት ነጫጮች ቀስ ብለው ይዳስሱ ነበር።

«መጀመሪያ ለባለቤቶቹ» አሉና መልሰው አፈሰሱት።

ሁለተኛውን ቅል አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ቤት ድረስ ተሸከሙት፤ በዳሜይ ፎቶ ፊትም አስቀመጡት። ከጥቁር ዓይን በቅሏ የተቀዳ ውሃ ቤቷ ሲገባ ከሞተች ወዲህ ይኼ የመጀመሪያው ነበር።